በብርድ ወራት ከቤት ሳይርቁ ከልጆች ጋር ደጅ መዋል

ደጅ ወዳድ ጻፈ፦

ብርዱ ሲገባ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ በአራት ግድግዳ ውስጥ ይታጠራል። ልጆቹ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ እንዳፈጠጡ ይመሻል፤ ወላጆችም «አየሩ ይሻሻልና እንወጣለን» እያሉ ሳምንቱን በሳምንት ይተካሉ። አየሩ ግን ወራት ቢጠብቁትም ላይሻሻል ይችላል። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ነገር አጥብቄ ለመናገርና የእናንተንም ልምድ ለመስማት ነው። በብርድ ወራት ለቤተሰብ የሚበጀው ሩቅ ያለ የተራራ መዝናኛ ሳይሆን ከቤት በእግር የሚደረስበት ሜዳ፣ ጫካ፣ መናፈሻ ወይም የወንዝ ዳር ነው።

አንደኛ ነገር ብርሃኑ አጭር ነው። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ዲሴምበር 21 ወይም 22፣ በደቡባዊው ደግሞ ጁን 20 ወይም 21 አካባቢ ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ ያጥራል፤ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥርም እጥረቱ ይብሳል። ከዚህች ብርሃን ግማሹን መኪና ውስጥ ካሳለፍነው ለልጆቹ የሚተርፋቸው ድንግዝግዝታ ነው። ሁለተኛ፣ ልጅ የሚበርደው በድንገት ነው። አሁን እየሳቀ ሲንከባለል የነበረው ከአፍታ በኋላ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ቤቱ ቅርብ ከሆነ ማንም ሳያለቅስ ይገባል። ሩቅ ከሆነ ግን «ይህን ያህል መጥተን» እየተባለ ልጁ ከአቅሙ በላይ እንዲቆይ ይደረጋል። ያን ቀን ደጁን ከጠላው ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማ ማስጠለቁ ራሱ ትግል ነው።

እኛ ቤት ከመውጣታችን በፊት ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት እናያለን፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረን የመመለሻውን ሰዓት እንቆርጣለን። ከተቆረጠ ወዲያ፣ ጨዋታው የቱንም ያህል ቢጥም፣ ድርድር የለም። ልጆች ሳይጠግቡ ቢመለሱ ይሻላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ጎትተው ያወጡናል። ሌላው ነገር ለቀኑ አንድ ሥራ መስጠት ነው። «ኑ እንንሸራሸር» የሚል ግብዣ ለልጅ ምኑም አይደል። «ዛሬ ሌሊት በዚህ ማን እንዳለፈ እናጣራ» ሲባል ግን ከፊት ከፊት ይሮጣል።

በእኛ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ይኸው ዱካ ማንበብ ነው። አዲስ በረዶ በጣለ ማግስት ጠዋት ሜዳው ሁሉ ተጽፎ ያድራል። ጥንቸል ስትዘል የኋላ እግሮቿ ከፊተኞቹ አልፈው ያርፋሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ረጃጅም ምልክቶች ከፊት፣ ሁለቱ ትንንሾች ከኋላ ይታያሉ። ልጆች መጀመሪያ ሲያዩት ጥንቸሏ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደች ይመስላቸዋል፤ እውነቱ የሚገለጥላቸው ዱካውን ተከትለው ቁጥቋጦው ሥር ሲደርሱ ነው። ድመት ስትራመድ ጥፍሯን ስለምትሰበስብ የጥፍር ምልክት አትተውም፤ ውሻ ግን ይተዋል። ቀበሮ ብዙ ጊዜ በቀጥታ መስመር፣ የኋላውን እግር በፊተኛው ዱካ ላይ እያሳረፈ ይሄዳል፤ ከጌታው ጋር የወጣ ውሻ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሽኮኮ ዱካ ከዛፍ ይጀምርና ዛፍ ሥር ያልቃል። ድንቢጥ ሁለት እግሯን አጣምራ ትዘላለች፤ ቁራ አንድ በአንድ ይራመዳል።

የሰባት ዓመቷ ልጄ ተንበርክካ ጓንቷን ከዱካው አጠገብ አስቀምጣ ትለካለች፤ ከዚያ ስንት ጓንት እንደሚሆን ጮክ ብላ ለወንድሟ ትናገራለች። አንድ ጊዜ በክር የተሰፋ የሚመስል የአይጥ ዱካ ስትከተል ቆይታ ዱካው ሜዳው መካከል ተቋረጠባት። ጉድጓድ የለም፤ ዛፍም የለም። በግራና በቀኝ ግን የላባ ጫፎች በረዶውን ጠረግ ያደረጉበት ምልክት ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «አባዬ፣ ከላይ ነው የመጣባት» አለችኝ። ያን ያህል ነገር በምን መጽሐፍ ላስተምራት እችል ነበር?

እስቲ እናንተም አካፍሉን። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ያሏችሁ እንዴት ታስማማላችሁ? በረዶ የማይጥልበት አካባቢ ያላችሁስ?

የመንትዮች እናት ጻፈች፦

እስማማለሁ ወንድሜ፤ ነገር ግን ከዱካው በፊት ልብስ ይቅደም። ቀኑን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ብርዱ ሳይሆን ርጥበቱ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ያስተላልፋል፤ ጥጥ ደግሞ ላቡን ጠጥቶ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ገላን የሚነካው ልብስ ስስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ይሁን፤ ከመካከል ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ሲሮጡ መካከለኛው ይወልቃል፣ ሲቆሙ ይለበሳል። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ያለበሰ ወላጅ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ልጁ ወይ በላብ ይጠመቃል ወይ ይበርደዋል።

ጣቶችን ለየብቻ ከሚያለብሰው ጓንት ይልቅ አራቱን ጣቶች በአንድነት የሚይዘው ይሞቃል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ትርፍ ጓንት ሳልይዝ አልወጣም፤ የመጀመሪያው መርጠቡ አይቀርምና። ጫማ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጠባብ ቦት ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ መጠቅጠቅ እግሩን ይበልጥ ያበርደዋል፤ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ ሙቀት የሚይዘው አየርም ቦታ ያጣል። ልጁ ጫማው ውስጥ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ መቻል አለበት።

በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን ሳይሆን ማጅራቱን ዳብሱት። እጅና አፍንጫ ቢቀዘቅዙ አያስደነግጥም። ማጅራቱ ከቀዘቀዘ ወደ ቤት፤ በላብ ከረጠበ አንድ ልብስ ይውለቅ።

እባካችሁ ደግሞ፣ መንገዱ አምስት ደቂቃ ቢሆንም በመኪና የምትሄዱ ከሆነ፣ ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሕፃን በልጆች መቀመጫ ላይ አትሰሩ። ግጭት ቢደርስ የጃኬቱ ሙሊት ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይቀራል። ጃኬቱን አውልቁ፣ ቀበቶውን አጥብቁ፣ ከዚያ ጃኬቱን ከላይ ጣል አድርጉለት።

አያት ጻፉ፦

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ ሆዴ ግን ይፈራል። የልጅ ልጆቼ አፍንጫቸው ገና ሳይደርቅ እንደገና ያስነጥሳሉ። እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ብርድ ላይ ማውጣት ጉንፋን መጥራት አይሆንም ወይ? ልጄ «እማዬ፣ አንቺ ታበዢዋለሽ» ትለኛለች። እስቲ የምታውቁ ዳኙን።

የሕፃናት ነርስ ጻፈች፦

እማማ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ልጅዎም አልተሳሳተችም። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራይኖቫይረስ የሚባለው። የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ስለሆነ ከሜዳው ይልቅ መስኮቱ ተዘግቶ ሰው የተፋፈገበት ክፍል ይመቸዋል። ትንሽ ንፍጥ ያለው ነገር ግን የሚበላና የሚጫወት ልጅ በደንብ ለብሶ ለአጭር ጊዜ ቢወጣ ችግር የለውም። ትኩሳት ያለው፣ የፈዘዘ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ግን ቤት ይቆይ። አስም ያለበትን ልጅ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሊቀሰቅስበት ስለሚችል አፍና አፍንጫው በሻርፕ ይሸፈን፤ የታዘዘለት መድኃኒትም ከእናንተ ኪስ አይለይ።

የመውጣቱ ጥቅም ደግሞ ከጨዋታ ያልፋል። ደመናማ ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ብዙውን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ነው፤ ክፍል ውስጥ ያለው ከጥቂት መቶ አያልፍም። ደጅ ብዙ የሚውሉ ልጆች ሩቁን ማየት የሚከለክለው የዓይን ችግር፣ ማዮፒያ፣ የመጀመሩ ዕድል እንደሚቀንስላቸው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

እኔን ከቴርሞሜትሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን የተገለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 5 ያህል ነው። ከዜሮ በታች 10 ላይ ነፋሱ 30 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ከዜሮ በታች 20 ያህል ይሆናል። ይህን ነገር መለካት የጀመሩት ሳይፕልና ፓሰል የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ አንታርክቲካ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ ውሃ በነፋስ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ እየተከታተሉ ነበር። ዛሬ የካናዳና የአሜሪካ ትንበያ የሚጠቀምበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ነው። ስለዚህ «ስንት ዲግሪ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ነፋሱስ?» ማለትን አትርሱ። ነፋስ ባለበት ቀን ከሜዳው ይልቅ ጫካው ይሻላል። ደግሞ ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብላችሁ፣ ስትመለሱ ከጀርባችሁ አድርጉት፤ ልጆቹ የሚደክሙት በመመለሻው ነውና።

ጆሮን፣ የአፍንጫ ጫፍን፣ ጉንጭንና ጣትን እየቆያችሁ እዩ። ቆዳው ከገረጣ ወይም አመድማ ከሆነ፣ ሰም ከመሰለና ከደነዘዘ ውርጩ እየጎዳው ነው። አትሹት፤ በበረዶ ማሸት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ቤት ገብታችሁ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩትና ለሐኪም አሳዩ። እሳት ላይ አታሙቁት፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቅም። ልጁ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ ከተደናበረ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው የድንገተኛ ሕክምና ጥሩ።

አያት ጻፉ፦

እግዚአብሔር ይስጥሽ የኔ ልጅ። እንግዲህ ነፋሱን ጠይቄ አስወጣቸዋለሁ።

የአሥራዎቹ አባት ጻፈ፦

ስለ ትንንሾቹ ብዙ ተባለ። እኔ ቤት ያሉት 13 እና 16 ዓመታቸው ነው፤ ዱካ እንከተል ብላቸው ዓይናቸውን ከስልካቸው አያነሡም። ለእነርሱ የሠራልኝ መንገድ መሪነቱን ማስረከብ ነው። ካርታውንና የመመለሻውን ሰዓት እሰጣቸዋለሁ፤ መንገዱን የሚመርጡት እነርሱ ናቸው፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ቢሳሳቱም ዝም እላለሁ፤ ከቤት ሩቅ ስላልሆንን ስሕተቱ ከአንድ ሁለት መንደር ዙር አያልፍም። ሩቅ ቦታ ሄጄ ይህን ዕድል ልሰጣቸው አልደፍርም።

የተደበቀ ዕቃ በጂፒኤስ የሚፈለግበትን፣ ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታም ሞክሩት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 በሲቪሎች የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብላ የምትጨምረውን ስሕተት እንዳነሣች፣ በማግስቱ አንድ ሰው ኦሪገን ውስጥ ዕቃ ደብቆ መገኛውን በኢንተርኔት አሳወቀ፤ ጨዋታው የተጀመረው በዚያ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች መናፈሻዎች ውስጥ የተደበቁ ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ ምናልባት በየቀኑ የምታልፉበት ድልድይ አጠገብም ይኖራል። ቅጠል በረገፈበት ወቅት ፍለጋው ይቀላል። የጠላነው ስልክ እዚህ ላይ ጓደኛ ይሆናል። ባትሪው ግን በብርድ ይደክማል፤ ከውስጥ ኪስ፣ ከገላ አጠገብ ይያዝ።

ዝናብ ብቻ ጻፈች፦

እኛ ያለንበት በረዶ አይጥልም። ግራጫ ሰማይ፣ ካፊያና ጭቃ ነው ያለው። የእናንተን ሳነብ ቅናት ያዘኝ። እኛስ ምን እናድርግ?

ደጅ ወዳድ ጻፈ፦

እህቴ፣ በረዶ የሌለበት ብርድ ድሃ አይደለም። ቅጠሉ ሲረግፍ ዛፉ ምስጢሩን ያወጣል። ቅጠሉ ሳለ ያልታየ የወፍ ጎጆ ሁሉ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ልጆቹ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ስንት ጎጆ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ከምን እንደተሠራም በዓይናቸው ይመርምሩ፣ ሳይነኩት። ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለችውን እንቡጥ አቅርባችሁ አሳዩአቸው፤ የመጪው ወቅት ቅጠል ተጠቅልሎ እዚያች ውስጥ ተቀምጧል፣ በላይዋም ቅርፊት ደራርባ ብርዱን ትከላከላለች። ወረቀት የዛፍ ልጥ ላይ አስደግፈው በሰም ቀለም ቢያሹት የእያንዳንዱ ዛፍ ልጥ የየራሱን መልክ ያወጣል።

ዝናብ ከጣለ ወንዙ ሞልቷል ማለት ነውና ዳሩን ራቁ። መንገድ ዳር በምትወርደው ትንሽ ጅረት ላይ ግን እንጨት አንሳፍፎ ማወዳደር ደስ ይላል፤ እኔ ሳልወዳደር አልፌ አላውቅም። ሌሊት ቀዝቅዞ ያደረ እንደሆነ ጠዋት በኩሬዎቹ ላይ ስስ ብርጭቆ የመሰለ ግግር ይዟል፤ ውሃ የማያስገባ ጫማ ያደረገ ልጅ እዚያ ላይ ከመርገጥ የሚበልጥ ደስታ ያለው አይመስለኝም።

ማጉያ መነጽር ጻፈ፦

ስለ በረዶው ብናኝ ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል፤ ለእኔ የብርድ ወራት ትልቁ ስጦታ እርሱ ነው። የሚያስፈልገው ጥቁር ጨርቅና ትንሽ ማጉያ መነጽር ብቻ ነው። ጨርቁን አስቀድማችሁ ደጅ አቆዩት፤ የሞቀ ጨርቅ ላይ ብናኙ ሳይታይ ይቀልጣል። በረዶው ቀስ ብሎ ሲጥል ጨርቁን ዘርጉ፣ ትንፋሻችሁን ወደ ጎን አድርጉ፣ ከዚያ ተመልከቱ።

ስድስት ክንድ ታያላችሁ። አምስት ወይም ስምንት ያለው አታገኙም፤ ሦስት ወይም ዐሥራ ሁለት ያለው አልፎ አልፎ ይኖራል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ለምን ስድስት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1611 ጠይቆ ነበር። መልሱ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ በስድስት ጎን ስለሚደረደሩ ነው። በአሜሪካ የቨርሞንት ገበሬ የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጣምሮ የራሱን የመጀመሪያ የበረዶ ብናኝ ፎቶግራፍ አነሣ፤ እስከ ሞተበት ድረስም ከ5,000 በላይ አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ ጃፓናዊው ናካያ ኡኪቺሮ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብናኙን ራሱ ሠራ፤ የብናኙ ቅርጽ በሚያድግበት አየር ሙቀትና ርጥበት እንደሚወሰንም አሳየ። አንዱ ቀን መርፌ የመሰለ፣ ሌላው ቀን ጠፍጣፋ፣ ሌላው ቀን ላባ የመሰለ የሚጥለው ለዚህ ነው። ልጄ የየቀኑን ቅርጽ ደብተሩ ላይ ይሥላል፤ ከጎኑ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ይጽፋል።

ሌላም ነገር አለ። ከዜሮ ብዙም ያልራቀ በረዶ ርጥበት ስላለው ይጣበቃል፣ ኳስም ሰውም ይሠራበታል። በጣም የቀዘቀዘው ደረቅ ነው፤ እጅ ውስጥ እንደ ባዘቶ ይበተናል፣ ጫማ ሥር ግን ይንጫጫል። ልጆች «ዛሬ ለምን አይጣበቅም?» ብለው ሲያማርሩ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። ያን ቀን ኳሱን ትታችሁ የሳሙና አረፋ ንፉ፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ነፋስም ከሌለ፣ አረፋው ዓይናችሁ እያየ ከሥሩ ጀምሮ ላባ እያወጣ ይረጋል።

የመንትዮች እናት ጻፈች፦

የሳሙናውን ነገር ነገውኑ እሞክረዋለሁ። በዚያው ላይ አንድ ልጨምር። ፀሐይ ባለበት ቀን አዲስ በረዶ አልትራቫዮሌት ጨረሩን እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ለልጆቹም ለእናንተም የፀሐይ መነጽርና ቅባት ያስፈልጋል፤ አገጭና የአፍንጫ ሥር ሳይቀር ይቀባ።

ኩሬ ዳር ጻፈ፦

ከቤታችን ጀርባ ያለው ኩሬ ረግቷል። ልጆች ሲሄዱበት አያለሁ፤ ትልቅ ድንጋይ ጣልንበት፣ አልተሰበረም። ልጆቼን ብወስዳቸው ምን ትላላችሁ?

ደጅ ወዳድ ጻፈ፦

አይሆንም ወንድሜ፤ በድንጋይ አይለካም። ውፍረቱ በመሰርሰሪያ ተበስቶ፣ በየጥቂት እርምጃው ተደጋግሞ ነው የሚለካው። ለአንድ ሰው ጥርት ያለ አዲስ ግግር ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ 15 የሚሉም አሉ፣ ለልጆች ጉዳይ እኔ ከእነርሱ ጋር ነኝ። ነጭ ከሆነ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ግራጫ ከሆነ ጨርሶ አይረገጥም። በዚያ ላይ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ይሳሳል፤ ውሃ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ በድልድይ ሥር፣ በሸምበቆና በግንድ ዙሪያ። ላዩ ላይ በረዶ ከተከመረም ከብርዱ ስለሚጋርደው ሥሩ አይወፍርም።

የድሮ ሰው ጻፈ፦

ፍርሃት አላበዛችሁም? እኛ ያደግነው በእንዲህ ያለ ኩሬ ላይ ስንጫወት ነው፤ ማንም አልሞተም። ልጅ አደጋን ካላየ እንዴት መጠንቀቅን ይማራል?

የሕፃናት ነርስ ጻፈች፦

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ በዚህ አልስማማም። ቁልቁለት መውረድ፣ ዛፍ መውጣት፣ ወድቆ ጉልበትን መላጥ ያስተምራል፤ ይህን ሁሉ እደግፋለሁ። ግግር በረዶ ሥር መግባት ግን ለሁለተኛ ትምህርት ጊዜ አይሰጥም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳይወድ በግድ በኃይል ይተነፍሳል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ካለ ውሃውን ይስባል። እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለሕፃን ከዚያም ያንሳል። እርስዎ የተረፉት ኩሬው ስለደገፈዎት ነው፤ እሰየው። በሌላው ልጅ ላይ ግን አንፈርድበት።

የወደቀ ሰው ትንፋሹን ያረጋጋ፣ ወደመጣበት አቅጣጫ ይዙር፣ እግሩን እየመታ በሆዱ ይውጣ፣ ከዚያ ሳይቆም እየተንከባለለ ይራቅ። ሊረዳ የመጣው ወደ ጉድጓዱ አይሂድ፤ ከዳር ሆኖ እንጨት ወይም ገመድ ይወርውር፣ የድንገተኛ አደጋ ጥሪም ያድርግ። ከተማችሁ ተለክቶ የተፈቀደ የመንሸራተቻ ቦታ ካለው እዚያ ውሰዷቸው።

ኩሬ ዳር ጻፈ፦

ገባኝ። አልወስዳቸውም፤ የጎረቤቶቼንም ልጆች እናገራለሁ። ቁልቁለት ላይ መንሸራተትስ? ከኩሬው ወዲያ ጥሩ ጉብታ አለ።

የአሥራዎቹ አባት ጻፈ፦

ጉብታው ወደ ኩሬው የሚወርድ ከሆነ ሌላ ፈልግ። ወደ አስፋልት፣ ወደ ዛፍ ወይም ወደ አጥር የሚወርደውም እንዲሁ። ከታች ረጅም ሜዳ ኖሮት መንሸራተቻው በራሱ የሚቆምበት ይሁን። ልጁ ተቀምጦ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ ሄልሜት አድርጎ ይውረድ፤ በሆዱ ተኝቶ ራሱን ማስቀደም የለበትም። የሚወጡት በዳር በኩል፣ የሚወርዱት በመካከል። መንገድ ዳር በመኪና ተጠርጎ የተከመረ በረዶ ውስጥ ዋሻ መቆፈርም አይፈቀድ፤ ይደረመሳል፣ የጠራጊው ሾፌርም ውስጡ ልጅ እንዳለ አያይም።

ሌሊት ተመልካች ጻፈች፦

ሁላችሁም ጨለማው ቶሎ መምጣቱን ታማርራላችሁ። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ልጆች ሳይተኙ ኮከብ ማየት የሚችሉት በዚህ ወቅት ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ሰማዩ እስኪጨልም የመኝታ ሰዓታቸው ያልፋል።

በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያላችሁ ከራት በኋላ ውጡና ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ፈልጉ፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት ቀበቶው ናቸው። ከላይ በግራ ቀላ ያለችው ቤቴልጂውስ፣ ከታች በቀኝ ሰማያዊ ነጭ የሆነችው ራይጀል ናት። ልጆች ከዋክብት ቀለም እንዳላቸው ሲያዩ ይደነቃሉ። የቀበቶውን መስመር ወደ ታች ብትከተሉት ከሌሊቱ ሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ሲሪየስ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ወደ ላይ ብትከተሉት ወደ ሰባቱ ከዋክብት ያመራችኋል። ከቀበቶው ሥር ያለችውን ደብዛዛ ነጥብ በቢኖክላር ብታዩ ከዋክብት የሚወለዱባት ደመና ናት፤ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ያላችሁ ደግሞ በእናንተ የብርድ ወራት ጊንጡ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከራሳችሁ በላይ ይወጣላችኋል፤ እኛ ከአድማስ ጥግ ነው የምናየው።

ቆሞ መመልከት ከመሮጥ ይልቅ ያበርዳል። ከእግራችሁ ሥር የስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፉ፤ የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኑት፣ ዓይን ጨለማ ለመልመድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋልና።

አያት ጻፉ፦

ነፋሱ ጸጥ ያለ ዕለት ከልጅ ልጆቼ ጋር ወጣሁ። ጎጆ ቆጠሩልኝ። አሁን የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ነው፤ የሚያዳልጠውን መንገድ እፈራለሁ። ደግሞም ትልልቆቹ ሲሮጡ ሕፃኑን ማን ይይዘዋል?

ደጅ ወዳድ ጻፈ፦

እማማ፣ እንኳን ወጡ! ከጫማ ሥር የሚታሰር ብረት ጥርስ ያለው ላስቲክ ይሸጣል፤ እርሱንና ሁለት ዱላ ይያዙ። ሲራመዱ እርምጃዎ አጭር ይሁን፣ ክብደትዎ በፊተኛው እግር ላይ ይረፍ፤ እጅዎን ኪስ ውስጥ አያስገቡ። ለመቀመጫ ቀላል ታጣፊ ወንበርና ስፖንጅ፣ በፔርሙስ ትኩስ መጠጥ። ፔርሙሱን ከመሙላትዎ በፊት የፈላ ውሃ አድርገውበት ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ሙቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል።

ስለ ሕፃኑ፣ እኛ ለሁለት እንከፈላለን። አንዱ ከትልልቆቹ ጋር ቁልቁለቱ ላይ ይቀራል፤ ሌላው ሕፃኑን በጋሪ ይዞ በዙሪያው ይሄዳል፣ ከዚያ እንቀያየራለን። ጋሪ ውስጥ ያለ ሕፃን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከሚሮጡት አንድ ልብስ ይጨመርለት፣ ቶሎም ይግባ። ጋሪውን አየር በማያስገባ ብርድ ልብስ አይሸፍኑት።

ዝናብ ብቻ ጻፈች፦

የርጥብ ቦት ጫማውን ነገር የሚነግረኝ አጣሁ። ጠዋት ድረስ አልደርቅ ብሎኛል፤ ምድጃ አጠገብ ላድርገው?

የመንትዮች እናት ጻፈች፦

ምድጃ አጠገብ አታድርጊው እህቴ፤ ሙጫው ይለቃል፣ ቆዳ ከሆነም ይሰነጣጠቃል። የውስጥ ሶሉን አውጪ፣ ጋዜጣ ጨብጠሽ ጠቅጥቂበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የረጠበውን አውጥተሽ በደረቅ ተኪው፣ ከመተኛትሽ በፊት አንዴ ድገሚው። ጓንቶቹን አፋቸውን ወደ ታች አድርገሽ ስቀያቸው።